ኳሱ በእርግጥ ከብዶ ነበርን?

ወረርሽኝ የአንድን ውድድር ቀን ሲያዛውር የኳሱን አነጣጠርም ሊለውጥ ይችላልን? በ2020 (እ.ኤ.አ.) በወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ላይ የደረሰው ይህን ጥያቄ እንድንመረምር ይጋብዘናል።

በዚያ ዓመት በኮቪድ-19 ምክንያት የኤቲፒ ውድድሮች ከማርች እስከ ኦገስት ተቋረጡ፤ ዊምብልደንም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። ዘወትር በሜይ መጨረሻ ገደማ የሚጀመረው የፓሪሱ ሮላን ጋሮስ ግን ወደ ሴፕቴምበር 27 ተላለፈ። ወቅቱ ቀዝቃዛ ነበርና ራፋኤል ናዳልን ጨምሮ ተጫዋቾች ኳሱ እንደከበዳቸው ተናገሩ።

ይሁን እንጂ ቅዝቃዜ ብቻውን የኳስን መጠነ ቁስ አይጨምርም፤ በደንቡ መሠረት ከ56.0 እስከ 59.4 ግራም እንደሆነ ይቀራል። የሚለወጠው ሌላ ነው። በኳሱ ውስጥ የታመቀው አየር በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ (298 ኬልቪን) 180 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት አለው እንበል። ይዘቱ ካልተለወጠ፣ በ10 ዲግሪ (283 ኬልቪን) ግፊቱ፦

180 × 283 ÷ 298 ≈ 171 ኪሎፓስካል

ይሆናል። የከባቢ አየር ግፊት 100 ኪሎፓስካል ቢሆን፣ ኳሱን ከውስጥ የሚወጥረው ትርፍ ግፊት ከ80 ወደ 71 ወረደ ማለት ነው። የቀዘቀዘ ላስቲክም ሲመታ ብዙ ኃይል ያባክናል። በተጨማሪም የውጭው አየር እፍጋት 5 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ኳሱን ይበልጥ ይጎትተዋል። ስለዚህ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይነጥራል፣ ይዘገያልም፤ ክንድ ይህን እንደ ክብደት ይቆጥረዋል።

ናዳል በብርቱ ሽክርክሪት ኳሱን ከፍ አድርጎ በማንጠር የታወቀ ነውና ብዙዎች ዘንድሮስ አይሆንለትም ብለው ነበር። እርሱ ግን ኦክቶበር 11 ቀን ኖቫክ ጆኮቪችን 6-0፣ 6-2፣ 7-5 ረትቶ 13ኛውን የሮላን ጋሮስ ዋንጫ አነሳ።

ታዲያ ፊዚክስ ተሳሳተን? አልተሳሳተም። ሕጉ የተናገረው ስለ ኳሱ እንጂ ስለ አሸናፊው አልነበረም። ከዚህም በላይ የኳሱ አምራች በዚያው ዓመት ተለውጦ ነበር፤ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲለወጡ ውጤቱን ለአንዱ ብቻ መስጠት አይገባም።

ውድ አንባቢያን፣ አንድ የቴኒስ ኳስ ከ254 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በጠንካራ ወለል ላይ ልቀቁና የነጠረበትን ከፍታ ለኩ። ከዚያም ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።