ካርታ ላይ ያልነበረው ሰፈር፦ የነዋሪዎች ተሳትፎ በከተማ ፕላን

የከተማ ፕላን ሲባል በብዙዎች ዐይነ ኅሊና የሚመጣው በመሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ለሌለ ሰፈር ግን መንገድም ሆነ የውኃ መስመር አይሳልለትም። ስለዚህ የተሳትፎ ጥያቄ ከስብሰባው አዳራሽ በፊት ከካርታው ይጀምራል ማለት ይቻላል።

በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የምትገኘው ኪቤራ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች የተጨናነቁባት ሰፈር ስትሆን፣ በብዙ ካርታዎች ላይ ባዶ ቦታ ሆና ትታይ ነበር። የሕዝቧ ቁጥር እንኳ ሚሊዮን ይደርሳል ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተካሄደው ቆጠራ 170,070 ብሎ መዘገበ፤ ቁጥሩ እስካሁን ያከራክራል። በዚያው ዓመት 13 የሰፈሩ ወጣቶች በጂ.ፒ.ኤስ. አጠቃቀም ሠልጥነው የውኃ ቦኖዎችን፣ ክሊኒኮችን፣ መጸዳጃ ቤቶችንና መተላለፊያዎችን መዘገቡ። መሣሪያው ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚላክ ምልክት የሚደርስበትን ጊዜ በመለካት ነው። ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የመሣሪያውን ሰዓት ስሕተት ለማረም ያስፈልጋሉ። ምልክቱ በግድግዳና በጣሪያ ላይ ሲንጸባረቅ የጥቂት ሜትሮች ስሕተት ይፈጠራል፤ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይህን ስሕተት የሚያስተውለው ቦታውን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይሁንና ካርታ መሥራትና መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላዋለች። ታችኞቹ ሁለት እርከኖች ተሳትፎ አይባሉም፤ ማሳወቅ፣ ማማከርና ማባበል መካከል ላይ ይቀመጣሉ፤ ሥልጣን ለነዋሪው የሚደርሰው በላይኞቹ ሦስት ብቻ ነው። ያለቀለት ፕላን ቀርቦ «አስተያየት ካላችሁ» የሚባልበት ስብሰባ፣ ቢበዛ ከመካከለኞቹ አያልፍም።

ናይሮቢ በ2017 ከፍ ያለ እርከን ሞክራለች። የከተማዋ አስተዳደር ከ100,000 በላይ ቤተሰቦች የሚኖሩበትን ሙኩሩን ልዩ የፕላን ክልል ብሎ ዐወጀ። ያን ያህል ሕዝብ አንድ አዳራሽ አይችለውምና፣ ነዋሪዎቹ በዐሥር በዐሥር ቤተሰብ ተቧድነው ሐሳባቸው በተወካዮች በኩል ወደ ላይ እንዲደርስ ተደረገ።

ብርቱው ጉዳይ የመንገድ ስፋት ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ ሜትር ሲሰፋ 1,000 ካሬ ሜትር መሬት ይወስዳል። አንድ ክፍል ቤት ሦስት በሦስት ሜትር፣ ማለትም 9 ካሬ ሜትር ቢሆንና ቤቶቹ ክፍተት ሳይተዉ ቢደረደሩ፣ ከመቶ በላይ ቤቶች ይፈርሳሉ። የእሳት አደጋ መኪና ምን ያህል ስፋት እንደሚፈልግ መሐንዲሱ ያውቃል፤ ከፈረሱት ቤቶች የሚወጣው ሰው የት ሊያድር እንደሚችል ግን ፕላኑ ላይ አይነበብም። ነዋሪው በውሳኔው ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ዕውቀቶች ይገናኛሉ፤ አንዳንዱ መንገድ ጠቦ፣ ሌላው ሰፍቶ ሊወጣ ይችላል።

በተከታዮቹ ዓመታት በሙኩሩ መንገዶች ተሠርተዋል። በ2021 መገባደጃ ላይ ደግሞ ከሙኩሩ መንደሮች በአንዱ፣ በሙኩሩ ክዋ ንጄንጋ፣ ለሰፊ መንገድ ሥራ ተብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ሜዳ ላይ ወደቁ። በመሰላሉ ላይ የተወጣውን ያህል መውረድም አለ።