ለቦርሳ ሰፊዋ ልጄ

ልጄ፣ ሰቆጣ ላይ የስፌት ማሽን ገዝተሽ ቦርሳ መሥራት መጀመርሽን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ያለሽበት ዋግ የፍየል አገር ነው። የአበርገሌ ፍየል ወተቷ ተጠጥቶ፣ ሥጋዋ ተበልቶ፣ ቆዳዋ ግን ለሰብሳቢ ነጋዴ በርካሽ ተሰጥቶ በመኪና ሲሄድ ነው የኖረው። እዚሁ ተሰፍቶ፣ እዚሁ ዋጋ አውጥቶ መሸጡ ትልቅ ነገር ነው። ደንበኞችሽ ስልካቸውን እያወጡ «ልክ ይህን አስመስለሽ ሥሪልኝ» እንደሚሉሽ፣ አንዳንዶቹም የኩባንያው ስም ጭምር እንዲለጠፍበት እንደሚፈልጉ ነግረሽኝ፣ «ጋሼ፣ መኮረጁ የሚጀምረው የት ላይ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ዕድሜዬን ከወስፌና ከቆዳ ጋር ያሳለፍሁ ነኝና የማምንበትን ልንገርሽ።

1. ለመማር ኮርጂ።

ከባዶ የሚነሣ የለም። በዋድላ የቅኔ ቤት ተማሪ አስቀድሞ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ይፈታል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት የሆነው በእሱ ፈጠራ አይደለም፤ ቅርጹ የሁሉም ነው። ራሱ ሲቀኝ ግን ምሥጢሩ የራሱ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ሊቃውንቱ ዘንድ መግቢያ ያጣል።

ያንቺም ሥራ እንዲሁ ነው። ከሰልባጅ ተራ በደንብ የተሠራ አሮጌ ቦርሳ ግዢና ስፌቱን በምላጭ እየፈታሽ በትኚው። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከውስጥ ምን እንደደረቡበት እዪ። ጠርዙ ታጥፎ ነው የተሰፋው ወይስ ተቆርጦ ቀለም ተቀብቷል? ገበሩ ከዚፑ ጋር እንዴት ተያያዘ? እያንዳንዱን ቁራጭ ካርቶን ላይ አስምረሽ ቁረጪ፤ ከዚያ በርካሽ ቆዳ መልሰሽ ስፊው። አስመሳይ ነጋዴ የሚኮርጀው ውጪውን ነው፤ ተማሪ ግን ውስጡን ይኮርጃል። በዚህ መንገድ የሠራሽውን ለገበያ አታውጪው። ለእህትሽ ስጪያት።

2. የሰው ስም አትስፊ።

በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። የፓሪሱ ሻንጣ ሠሪ የሉዊ ቪቶን ልጅ ዦርዥ የሻንጣቸውን መልክ እየኮረጁ አስመሳዮች ቢያስቸግሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የአባቱን ስም ሁለት ፊደላት ከአበቦች ጋር ያዋሐደ አዲስ ንድፍ አወጣ። ከአስመሳይ ይጠብቀኛል ያለው ምልክት ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚኮረጁት አንዱ ሆኗል። እኛም አገር በየሱቁ ተንጠልጥሎ ታዪዋለሽ። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበን ምልክት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ዕቃ ላይ አድርጎ መነገድን ይከለክላል።

«ደንበኛዬ እያወቀች ነው የምትገዛው፤ ማን ተታለለ?» ትዪኝ ይሆናል። እሷ አልተታለለችም፤ ግን ቦርሳውን የምትይዘው ሌላው እንዲታለልላት ነው። ከሁሉ በላይ የምትጎጂው ደግሞ አንቺ ነሽ። ሥራው ካማረ ፓሪስ ይመሰገናል፤ ከተቀደደ ሰቆጣ ይሰደባል። ስንት ሌሊት የደከመ እጅሽ ከዚያ ዕቃ ላይ ስሙ ተፍቆ ይቀራል። ደንበኛዋ «ማስተር ኮፒ ካልሆነ አልፈልግም» ካለች በትሕትና ሸኚያት።

3. ከታዋቂው ቦርሳ ቅርጹን ትተሽ ጥያቄውን ውሰጂ።

ስልክሽ ላይ አብዝተው የሚያሳዩሽ የኤርሜስ ኩባንያን «ብርኪን» ቦርሳ ነው። ታሪኩን ስሚ። ዘፋኟና ተዋናይቷ ጄን ብርኪን አውሮፕላን ላይ ከኤርሜስ ኃላፊ ከዣን ሉዊ ዱማ ጎን ተቀምጣ ለእናት የሚመች ቦርሳ እንዳጣች አጫወተችው። ከዚያ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1984 በስሟ የሚጠራው ቦርሳ ተወለደ። እሷ ራሷ ስትይዘው የነበረው የመጀመሪያው ቦርሳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ፓሪስ ላይ በጨረታ 8.6 ሚሊዮን ዩሮ ወጣለት። በ2024 መጨረሻ ደግሞ መልኩን የወሰደ ቦርሳ በአሜሪካው ዋልማርት ድረ ገጽ ላይ ከመቶ ዶላር ባልራቀ ዋጋ ወጥቶ ሰው ተሻማበት።

ሁለት እጀታ፣ የሚታጠፍ ክዳን፣ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ቅርጽ የማንም ርስት አይደለም። ሁሉንም በአንድ ላይ ከነቁልፉ፣ ከነጠፍሩ፣ ከነመጠኑ ስታነሺው ግን የሰው ሥራ እንዳለ ወስደሻል። ከብርኪን ሊወሰድ የሚገባው ነገር የእናቲቱ ጥያቄ ነው። የሰቆጣ እናት ሕፃን አዝላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ገበያ ስትወርድ ገንዘቧን የት ታደርጋለች? የነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች፣ ወይም ደረቷ ውስጥ ትሸጉጣለች። አንቀልባው ትከሻዋን ይዞታል፤ የቦርሳሽ ማንገቻ ታዲያ በየት በኩል ይለፍ? ባንድ እጇ ብቻ እንድትከፍተው አፉ እንዴት ይሁን? ይህን የፈታ ቦርሳ ከየትኛውም ፎቶ አይገኝም።

4. ከቆዳሽ ጀምሪ።

ይህኛውን ደጋግመሽ አንብቢው። የአውሮፓ ታላላቅ ቤቶች የሚመርጡት እንከን የሌለበትን የጥጃ ቆዳ ነው። ያንቺ ቆዳ ሌላ ነው። ፍየሏ ግራርና ቁጥቋጦ ውስጥ ስትውል እሾህ ይቧጭራታል። እከክ የሚባለው በሽታ ነጠብጣቡን ይተውባታል፤ የአገራችን ቆዳ ፋብሪካዎች በበግና በፍየል ቆዳ ላይ አብዝተው ከሚያማርሩበት ጉድለት አንዱ ነው። አራጁም ቸኩሎ ሲገፍ ቢላዋ ያስገባበታል። ይህን ቆዳ ይዘሽ የፓሪሱን ልሙጥ ፊት ልምሰል ካልሽ ያለሽ መንገድ በወፍራም ቀለም መድፈን ብቻ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከመታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ኮራጅ ሰው የገዛ ዕቃውን ለመደበቅ ይገደዳል።

እንዲህ አድርጊ። ቆዳውን መስኮት ላይ አንሥተሽ ብርሃን አሳልፊበት። ቀዳዳውንና ጥልቅ ጠባሳውን በጠመኔ ክበቢ፤ እነሱን አስወግደሽ ትቆርጫለሽ። የእሾህ ጭረቱን ግን ተዪው፤ ሲወለወል ያምራል። ጀርባው ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ማንገቻሽን በአከርካሪው ትይዩ አውጪ። የሆዱ ክፍል ይለጠጣልና ሸክም ለማይበዛበት ለውስጥ ኪስ አድርጊው። ፍየል ትንሽ ናት፤ ሰፊ የቢሮ ቦርሳ ከአንድ ቆዳ ያለ ቅጥያ አይወጣም። እንግዲያው መጋጠሚያውን ከመደበቅ ይልቅ በወፍራም ክር አጉልተሽ ስፊውና የንድፉ ክፍል ይሁን። ይህን እያደረግሽ ስትሄጂ ቦርሳሽ ሳታስቢው የራሱን መልክ ያወጣል። ስልኩ ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጪው ዘመዱ እንኳ አይመስልም።

5. መነሣሣት ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አትሂጂ።

ሰቆጣ አጠገብ ያለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ቀጥለሽ ላስታ ወርደሽ ይምርሐነ ክርስቶስን እዪ። ዋሻ ውስጥ የታነጸው ይህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ በአክሱም ሥርዓት የተሠራ ነው፤ እንጨቱ ግንቡን ያስራል። ከዚያ ላሊበላ ገብተሽ ቤተ አማኑኤል ፊት ቁሚ። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ የሚያስረው እንጨት አያስፈልገውም። ጠራቢዎቹ ግን አለቱን እየጠረቡ፣ አንዱን ንብር ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጭ እያደረጉ የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ግንብ በድንጋይ ብቻ ጻፉት። የዛጉዌ ዘመን ሰዎች፣ የእኛው የአገው አባቶች ሥራ ነው።

ቤተ አማኑኤልን የአክሱም ሐሰተኛ ነው ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ዕቃው ተለውጧል፤ የሥራው ችግር ተለውጧል፤ ምንጩም አልተደበቀም፣ እንዲያውም ሆን ብለው እንዲታይ አድርገውታል። ለመምህሩ እጅ እየነሣ ከመምህሩ ያልተማረውን የሚሠራ ሰው ሥራ ነው። ከዚያ ፊት ቆሜ ስመለከት ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል።

6. ከማን እንደወሰድሽ ተናገሪ።

የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፦ ገዢዋ ፊት ቆመሽ «ይህን ከዚህ ወሰድሁ፣ ይህን ከዚያ» ብለሽ ሳታፍሪ መናገር ከቻልሽ በመነሣሣት በኩል ነሽ። ምንጩን ስትጠየቂ የምትሸሽጊ ከሆነ ኮርጀሻል። «የብርኪን ኮፒ ነው» ብሎ በግልጽ የሚሸጠውስ? ምንጩን ተናግሯል፤ ነገር ግን «ያንተስ የቱ ጋ ነው?» ሲባል የሚያሳየው የለውም። ሁለቱንም ጥያቄ መመለስ አለብሽ።

ይህ ከፈረንጅ ስትወስጂ ብቻ አይደለም፤ ከባላገሩ ስትወስጂም ይሠራል። ማኅደርን ተመልከቺ። በመጽሐፉ ልክ ከቆዳ ይሰፋል፤ ስፌቱ የክር ሳይሆን ከቆዳ የተሠነጠቀ ጠፍር ነው። ዚፕ የለው፣ ብረት የለው፤ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሲያርፍ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አገልግልንም እዪ፤ ስፌቱ ላይ ቆዳው እንዴት እንደለበሰ። ከእነዚህ ብዙ ትማሪያለሽ። ግን መስቀልና የቅዱሳን ሥዕል መሬት በሚጣል ቦርሳ ላይ አታድርጊ። ጠፍር አሰፋፉን ያሳየሽን ሰው ስሙን ጠይቀሽ፣ ፈቃዱን ይዘሽ፣ ቦርሳው ውስጥ በምታስገቢው ካርድ ላይ ጻፊው፤ ከሽያጩም አካፍይው። ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ለብዙ ዘመን በሙያቸው ሲሰደቡ፣ ከሰው እኩል ሳይቀመጡ ኖረዋል። ሙያቸውን ወስዶ ስማቸውን መተው ያንን ግፍ መቀጠል ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የፋሽን ኩባንያው ፕራዳ ሚላኖ ላይ ያሳየው ነጠላ ጫማ የሕንድ የኮልሃፑር ሠራተኞች ጫማ ቁርጥ እሱን ነበር፤ ስማቸው ግን አልተነሣም። ሕንዶች ጮኹ፤ ኩባንያው ከሕንድ የእጅ ሥራ መነሣቱን ያመነው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛም ሸማኔዎች ይህን ያውቁታል፤ በእጃቸው የሠሩት ጥለት በውጭ ፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ ተመልሶ በርካሽ ይሸጥባቸዋል። በሌላ በኩል አባይ ሹልዜ እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ የመሠረተችው «ዛፍ» የተባለ ድርጅት ቦርሳው ላይ ያዋለው እዚሁ ሸማኔ የሠራውን ሽመና ነው። ቤተልሔም ጥላሁንም በዘነበወርቅ ሠፈር የጫማ ድርጅቷን ሶልሬብልስን ስትጀምር መነሻዋ ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ መሆኑን ለዓለም ሁሉ እየተናገረች ነው።

7. ትልቁም ይኮርጃልና ራስሽን አትናቂ።

ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ዳፐር ዳን የሚባል ልብስ ሰፊ የእነ ጉቺንና የእነ ሉዊ ቪቶንን ምልክት በራሱ ስፌት ላይ እያደረገ ይሸጥ ነበር። ኩባንያዎቹ ተረባረቡበት፤ ሱቁ እ.ኤ.አ. በ1992 ተዘጋ። በ2017 ጉቺ ራሱ ዳን ለሯጯ ዳያን ዲክሰን የሰፋላትን እጅጌው የተነፋ ጃኬት የሚመስል ልብስ አወጣ፤ ምልክቱን ብቻ በራሱ ቀይሮ። ሰው ሲነሣበት ሰውየውን ፈልጎ አብረው ሠሩ። ዳን በምልክቱ አጥፍቶ ነበር እላለሁ። የእጁ ሥራ ግን የሚኮረጅ ሆኖ ተገኘ።

8. አንቺንም ይኮርጁሻል፤ አሁኑኑ ተዘጋጂ።

ቅርጽሽን የሚከተል ሰፊ ሲመጣ አትቆጪ፤ ሰቆጣ ላይ አሥር ቦርሳ ሰፊ ቢኖር ለቆዳውም ለአልፊውም ይበጃል። የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም የቆዳ ገበያ በከተማዋ ስም የሚጠራው ብዙ ሰው ለብዙ ዘመን ስለነገደበት ነው። ስምሽን ግን አታስነኪ። የንግድ ምልክት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲመዘገብ ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ እያሳደስሽ ትቀጥያለሽ። የቦርሳው ንድፍ ራሱ አዲስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት እንደ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ለ5 ዓመት ይመዘገባል፤ ሁለት ጊዜ ሊራዘምም ይችላል። አዲስነቱ የሚታየው ማመልከቻው በገባበት ጊዜ ነውና ገበያው ሁሉ ካየው በኋላ ከመሮጥ ቀድመሽ ጠይቂ። ለምልክትሽ የሰውም የቦታም ስም ያልሆነ፣ ከራስሽ የወጣ ነገር ምረጪ፤ ሥዕሉን በጥቁርና ነጭ አሥለሽ፣ ስትሠሪ የሣልሻቸውን ንድፎችና የቆረጥሻቸውን ካርቶኖች ከነቀናቸው አስቀምጪ። አንድ ቀን «እኔ ቀድሜሻለሁ» የሚል ቢመጣ የምታወጪው እነሱን ነው።