ሞተሩን ሳያንቁ ጀልባን ማዝገም

ደንዲም ሆነ ወንጪ ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው ፍጥነት አይቸግረውም። ሥራው ጎብኚ ጭኖ ማዶ ማድረስና መመለስ ነው፤ ቶሎ በደረሰ ቁጥር ቶሎ ሌላ ይጭናል። ችግሩ የሚመጣው መንጠቆ ከኋላ ለቅቆ፣ ክሩን እየጎተተ ዓሣ ላጥምድ ያለ ዕለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ አጠማመድ ጀልባዋ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከገበያ ወደ ቤቱ በዝግታ የሚመለስ ሰው ያህል ብቻ እንድትሄድ ይፈለጋል። ነጂው ጋዙን እስከ መጨረሻው ይመልሰዋል፤ ጀልባዋ ግን አሁንም ትሄዳለች። ከዚያም በታች ልቀንስ ሲል ሞተሩ ትር ትር ይልና ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ግን ዓሣውን ማወቅ ነው። ለቆሮሶ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ቆሮሶ በአመዛኙ አልጌ በሊታ ነው፤ ከፊቱ የሚሮጥ ነገር አያሳድድም። ጎትቶ ማጥመድ የሚያዋጣው ዓሣ የሚበላ ዓሣ ባለበት ውሃ ነው፦ ጫሞና ባሮ ላይ ናይል ፐርች፣ ጣና ላይ ደግሞ ነጭ ዓሣ ከሚባሉት መካከል ሌሎች ዓሦችን የሚያሳድዱት። እኔ ግን ልምምዱን ደንዲ ላይ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። ከአምቦም ከጊንጪም ቅርብ ነው፤ ጫሞ ላይ በአዞና በጉማሬ መካከል ሆኖ የሞተር ጠባይ ከመማር እዚህ ተሳስቶ መታረም ይቀላል። መንጠቆ ከመጣልዎ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ይጠይቁ።

አሁን ሒሳቡን እንይ፤ ሒሳቡ የገባው ሰው ከሞተሩ ጋር አይጣላም። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ ጋዝ ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ በደቂቃ 800 ነው እንበል። ማርሹ ይህን በግማሽ ቢቀንሰው ፕሮፔለሩ በደቂቃ 400 ጊዜ ይዞራል። የፕሮፔለሩ እርምጃ፣ ማለትም በአንድ ዙር ውሃውን ሰንጥቆ ሊሄድ የሚችለው ርቀት፣ 12 ኢንች ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በደቂቃ 120 ሜትር፣ በሰዓት ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። በዝግታ ጊዜ ፕሮፔለር ብዙ ስለሚንሸራተት ከዚህ ላይ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ይባክናል። እንዲያም ሆኖ ቀላል ጀልባ 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ከኋላዋ ነፋስ ካለ ይበልጣል። ስለዚህ ሞተሩ ከሚኒሞ በታች እንዲወርድ ማስገደድ ከንቱ ነው። ሞተሩን በሚመቸው ዙር ትተውት ጀልባዋን ማክበድ ነው ዘዴው።

መጀመሪያ ፍጥነትዎን ይለኩ። ስልክዎ ላይ ያለው ጂፒኤስ ይሠራል፤ የሚናገረው ግን ከመሬቱ አንጻር ያለውን ፍጥነት ነው። ለዓሣው ቁም ነገሩ መንጠቆው በውሃው ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ለዚህ ከቆረቆንዳ የሚሻል መሣሪያ አላውቅም። በቆሎው ተፈልፍሎ የቀረውን ቆረቆንዳ ለሦስት ቆርጠው ይያዙ። አንድ ሰው ከጀልባዋ አፍንጫ ጎን ቁራጩን ወደ ውሃው ይጥላል፤ ነጂው ቁራጩ ጭራዋን እስኪያልፍ ድረስ ሰከንድ ይቆጥራል። ጀልባዋ 5 ሜትር ከሆነች 18ን በቆጠሩት ሰከንድ ያካፍሉ፤ የሚያገኙት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱ ነው። 6 ሰከንድ ከፈጀ 3 ኪሎ ሜትር፣ 3 ሰከንድ ከሆነ 6። ጀልባዋ ሌላ ርዝመት ካላት ርዝመቷን በሜትር በ3.6 ያባዙና በ18 ፈንታ እሱን ይያዙ። ሦስት ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ይውሰዱ። ቆረቆንዳ ከፊሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ነፋስ እንደ ባዶ ጠርሙስ አይገፋውም፤ ደግሞም ባይመለስ አይቆጭም።

ቀጥሎ ሚኒሞውን ያስተካክሉ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ በእኛ አገር ጀልባ አላዘግም የምትልበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ደንዲና ወንጪ ሁለቱም ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። በባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው ሞተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ያንሰዋል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያ ልክ አይቀንስለትም። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ነጂው ምን ያደርጋል? ካቻቢቴውን አውጥቶ የሚኒሞውን ብሎን ያጠብቃል። ሞተሩ መጥፋቱን ይተዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዝቅተኛው ዙር 800 መሆኑ ቀርቶ 1,200 ይሆናል፤ ማርሽ በገባ ቁጥርም ጓ! የሚል ድምፅ ይሰማል። እንዲህ የተነካካ ሞተር በምንም ዘዴ አያዘግምም።

ስለዚህ ከብሎኑ በፊት ካንዴላውን ይፍቱ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ያጽዱት ወይም ይለውጡት። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይት መጠኑ በሞተሩ መመሪያ የተጻፈው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይላሉ። «ትንሽ ዘይት ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው ብሂል በዝግታ ለሚሠራ ሞተር አይሆንም፤ ካንዴላውን በግማሽ ቀን ያበላሸዋል። ከዚያ የአየርና የቤንዚኑን ቅልቅል ያስተካክሉ። ይህ መካኒክ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ መካኒኩን ግን ወደ ሐይቁ ይውሰዱት። አምቦ ጋራዥ ውስጥ ልክ የነበረው ቅልቅል 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ደንዲ ላይ ልክ አይሆንም። ማስተካከያው የሚደረገው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ ጀልባዋ ውሃ ላይ ሆና፣ ማርሽ ገብቶ ነው። የሚኒሞው ብሎን የመጨረሻው ነው፤ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆይበት ዝቅተኛ ዙር ላይ ያቁሙት። ለደጋው ብለው የካርቡራተሩን ቀዳዳ በጠባብ ካስለወጡ ሞተሩን ጫሞ ከማውረድዎ በፊት ወደ ነበረበት ያስመልሱ። እዚያ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠባቡ ቀዳዳ ቤንዚን ያሳንሰዋል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል።

ሦስተኛው ሥራ ጀልባዋን ማክበድ ነው። በውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የተሰፋ፣ ውሃ ውስጥ እየተጎተተ ጀልባዋን ወደ ኋላ የሚይዝ የሸራ ከረጢት ይሸጣል። እኛ ማዳበሪያ አለን። ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ሁለት ይግዙ፤ የውስጡን ፕላስቲክ አውጥተው ከሐይቁ ርቀው ደጋግመው ይጠቡት። የዩሪያ ቅሪት ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የሚያበቅለው አልጌን ነው። ከባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ ዙሪያው 1 ሜትር ከ20 የሆነ ቀለበት ያስበይዱ፤ የማዳበሪያውን አፍ በቀለበቱ ላይ አጥፈው በወስፌና በናይለን ክር ዙሪያውን ይስፉት። ከታች በኩል አንዱን ማዕዘን ጡጫ በሚያሳልፍ መጠን ይቁረጡ። ይህች ቀዳዳ ከሌለች ማዳበሪያው ውሃ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተወራጨ ጀልባዋን ያወዛውዛል። ከቀለበቱ ላይ በእኩል ርቀት ሦስት ገመድ አስረው አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ላይ በአንድ ቋጠሮ ያገናኟቸው፤ ዋናው ገመድ ከቋጠሮው ይነሣል። ቀለበቱ ላይ በስንዝር ገመድ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ የአምቦ ውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያንጠልጥሉ፤ ማዳበሪያው እንዳይሰምጥ ይይዘዋል። በመጨረሻም ከማዳበሪያው ቂጥ ሌላ ቀጭን ገመድ ያስሩ። ሲሳብ ማዳበሪያው ይገለበጥና ውሃው ይፈሳል፤ ያለዚህ ገመድ የሞላ ማዳበሪያ ወደ ጀልባ ማውጣት ወገብ ይቆርጣል።

አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ያስሩ። ቦታው ከጀልባዋ መካከል ወደ አፍንጫዋ ቀረብ ያለው ጎን ነው፤ ከጭራዋ ከታሰረ ከመንጠቆው ክር ጋር ይጠላለፋል፣ ፕሮፔለሩም ይበላዋል። ይህን የምለው በራሴ ላይ አይቼ ነው። መጀመሪያ በሠራሁት ማዳበሪያ ደንዲ ላይ ስንወጣ ገመዱን አርዝሜው ነበር። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ገመዱ!» ብሎ ሲጮህ ሞተሩ ቀድሞ ዝም አለ። ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመውን ናይለን በቢላ እየቆረጥን ስናወጣ ነፋሱ ከሸምበቆው ውስጥ ከተተን። ከዚያ ወዲህ ገና መሬት ላይ ሳለሁ ማዳበሪያውን ካሰርኩበት ቦታ ወደ ኋላ ወጥሬ እዘረጋዋለሁ፤ ጫፉ ከፕሮፔለሩ አንድ ክንድ ካልራቀ ገመዱን አሳጥራለሁ። የቂጡም ገመድ በዚሁ ሕግ ይተዳደር፤ ጫፉ ጀልባ ውስጥ ይታሰር እንጂ ውሃ ላይ አይንሳፈፍ።

በሰዓት 3.6 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ አንዱ ማዳበሪያ 7 ኪሎ ገደማ በሆነ ኃይል ወደ ኋላ ይስባል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ስበቱ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው ውሃ ውስጥ እያለ ጋዝ መስጠት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ገመዱ ይበጠሳል፣ ወይም የታሰረበትን ብረት ይነቅላል። ካሰሩት በኋላ እንደገና በቆረቆንዳ ይለኩ። አሁንም ከፈጠነ ሌላ ማዳበሪያ ከመጨመር የቂጡን ቀዳዳ በገመድ ማጥበብ ይቀላል።

ማዳበሪያ የማይወድ ሰው ማርሽ እያስገባ እያስወጣ መሄድ ይችላል፦ 5 ሰከንድ ማርሽ፣ 5 ሰከንድ ፎሊ። መንጠቆው ከፍ ዝቅ ስለሚል ዓሣ አንዳንዴ ይህን ይመርጣል። ቀኑን ሙሉ ሲደረግ ግን የማርሹን ጥርስ ይበላል፤ ሚኒሞው ከፍ ያለ ሞተር ላይማ አይታሰብ። ወደ ኋላ እየነዱ ማጥመድም አለ፤ የጀልባዋ ጭራ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃው ይይዛታል። ሞገድ ባለበት ግን ውሃ ከጭራ በኩል ስለሚገባ ይተዉት ነው የምለው። ከፕሮፔለሩ ኋላ ግፊቱን የሚገታ የሚታጠፍ ብረት ማስበየድ ይቻላል፤ ብረቱን ማንሣት ረስተው ጋዝ የሰጡ ዕለት ግን ተገንጥሎ ይሄዳል። ገንዘብ ያለው እርምጃው አጠር ያለ ፕሮፔለር ይግዛ፤ ቁጥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ተቀርጿል። ከ13 ወደ 11 ኢንች መውረድ በተመሳሳይ ዙር ፍጥነቱን 15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በስስ አየር ለደከመ ሞተርም ሸክም ማቅለል ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርማ ከፍታ አይገደውም። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት፣ 25 አምፒር ለሚወስድ ሞተር 2 ሰዓት ይሠራል።

ውሃው ላይ ሲሆኑ ነፋሱን ይጠንቀቁ። ያዘገመች ጀልባ መሪ አትታዘዝም፤ ከጎን የመጣ ነፋስ አፍንጫዋን ይወስደዋል። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይውጡ፤ ከተነሣም ፊት ለፊቱ ይሂዱ። ነፋስ ከኋላ ሲሆን የሞተሩ ጭስ ጀልባዋ ላይ ይንጠለጠላል፤ ራስ ምታት ሲጀምርዎ ወዲያው አቅጣጫ ይቀይሩ። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰውን ቀጭን የማቀዝቀዣ ውሃ በየጊዜው ይዩ፤ ካቆመ ሣር ወይም ፌስታል ዘግቶታል፤ ሞተሩ ሳይቃጠል ያጥፉት። ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ መንጠቆና ማዳበሪያ ተነሥቶ ሁለት ደቂቃ ያህል በርትቶ ይነዳ፤ ካንዴላው ላይ የተጠራቀመው ጥላሸት ይጠረጋል።

ክሩን ከ20 እስከ 40 ሜትር ይልቀቁና ቀጥ ብለው አይሂዱ፤ ሰፊ እባብ እየሠሩ ይጠምዝዙ። ሁለት ክር ካለ በመታጠፊያው ላይ የውጪው ይፈጥናል፣ የውስጡ ይዘገያል። ዓሣው ደጋግሞ የያዘው የውጪውን ከሆነ ጥቂት ይፍጠኑ፤ የውስጡን ከሆነ የማዳበሪያውን ቀዳዳ ያጥብቡ።

ዓሣ ሲይዝ ወዲያው አይቁሙ። ክሩ እንዲወጠር ጀልባዋ ሁለት ሦስት ሜትር ትሂድ፤ ከዚያ ፎሊ። ክሩን የያዘው ሰው ሳይስብ ረዳቱ ሁለቱንም ማዳበሪያዎች በቂጣቸው ገመድ ገልብጦ ያውጣ፤ ትልቅ ዓሣ ጀልባዋ አጠገብ ሲደርስ ወደ ሥሯ ሊሮጥ ይችላልና።