ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራት
(ሙያን ስለሚያብራራ አስረጂ ድርሰት)

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሚነገረው ስለ አንደበት ነው፤ ምሳሌው የተወሰደው ግን ከወጌሻ ሙያ ነው። ተናጋሪው፣ አድማጩ የእግር ወለምታ በቅቤ እንደሚታሽ ያውቃል ብሎ ስለሚያምን ማብራራት አያስፈልገውም። እናንተ ድርሰት ስትጽፉ ግን እንዲህ ያለ አንባቢ ሁልጊዜ አታገኙም። ወጌሻ አይቶ የማያውቅ ሰው ጽሑፋችሁን ቢያነብ፣ ምን እንደሚታሽ፣ ለምን እንደሚታሽ፣ መቼስ መታሸት እንደሌለበት ከእናንተ ቃል ብቻ ሊረዳ ይገባል። የአስረጂ ድርሰት ተግባር ይኸው ነው።

ሀ. ስያሜን መለየት

አንድ ተማሪ «እግሬን ተጐዳሁ» ብሎ ቢጽፍ የሰዋስው ስሕተት አልሠራም፤ ይሁን እንጂ አላስረዳም። አማርኛ ለዚህ ሦስት የተለያዩ ስሞች አሉት። ወለምታ የሚባለው አጥንቱ ከቦታው ሳይለቅ፣ መገጣጠሚያውን የሚይዘው ጅማት ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ነው። ውልቃት የሚባለው አጥንቱ ራሱ ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው፤ ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ አዘውትሮ የሚወልቀው ትከሻ ነው። ስብራት ደግሞ የአጥንቱ መሰንጠቅ ወይም መለያየት ነው።

ግሦቹንም ተመልከቱ። «ወለም አለኝ» እንላለን፤ ግሡ ከ«አለ» ጋር ተጣምሮ የሚነገር ነው። «ትከሻዬ ወለቀ» ስንል ባለቤቱ ትከሻ ነው። «ወጌሻው እግሬን አሸኝ» አድራጊ፣ «እግሬ ታሸ» ተደራጊ፣ «እግሬን አሳሸሁ» አስደራጊ ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሠራው ወጌሻው መሆኑ ታውቋል፤ በሦስተኛው ታማሚው ራሱ ፈልጎ መሄዱ ተገልጧል፤ በሁለተኛው ግን የሠራው ሰው ተሰውሯል። ተደራጊ ግሥ አድራጊውን የመሸሸግ ጠባይ ስላለው፣ ጉዳት ስለ ደረሰበት ሰው ስትጽፉ ተጠንቅቃችሁ ተጠቀሙበት።

የስያሜው ልዩነት በአካል ላይ የሚታይ ልዩነት ነው። የተሰበረ አጥንት ወለምታ ነው ተብሎ ቢታሽ፣ የአጥንቱ ጫፍ ሥጋን፣ የደም ሥርንና ነርቭን ሊወጋ ይችላል። ትኩስ ወለምታም ቢሆን እብጠቱ ሳይበርድ በኃይል ሲታሽ ይብሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመከረው ማሳረፍ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ደቂቃ ማድረግ ነው። ያበጠ ቁርጭምጭሚት ወለምታ ይሁን ስብራት በጣት ብቻ ለመለየት ያስቸግራል። ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ያገኘው፣ እኛም ራጅ የምንለው ጨረር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለ. የሥራን ቅደም ተከተል ማሳየት

የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

«ልምድ ያለው ወጌሻ ከመንካቱ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ እንዴት ወደቅህ? በየት በኩል አረፍህ? የቱ ላይ ያምሃል? ከዚያም ጤነኛውን ክንድ ከታመመው ጋር ያስተያያል። ጣቶቹን ቅቤ ቀብቶ አጥንቱን ተከትሎ ይዳስሳል፤ ታማሚው የሚሸማቀቅበትንም ስፍራ ልብ ይላል። ስብራት መሆኑን ካመነ አጥንቱን ጐትቶ ያስተካክላል፤ ጨርቅ ይጠቀልልበታል፤ በዙሪያው የተሰነጠቀ ቀርቀሃ ደርድሮ ያሥረዋል።»

የአንቀጹ ኃይለ ቃል የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። ጸሐፊው በየዐረፍተ ነገሩ «ከዚያ»፣ «ከዚያ በኋላ» እያለ አላሰለቸንም፤ ቅደም ተከተሉን የያዙለት ግሦቹ ናቸው። ይጠይቃል፣ ያስተያያል፣ ይዳስሳል፣ ያስተካክላል፣ ይጠቀልላል፣ ያሥራል። እነዚህን ሁሉ «ያደርጋል» በሚል አንድ ግሥ ብትተኩአቸው ሙያው ይጠፋል።

አንቀጹ ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። «ያሥረዋል» የሚለው ግሥ ተውሳከ ግሥ ይጐድለዋል። አጥብቆ ነው የሚያሥረው፣ ወይስ አላልቶ? አንባቢው አያውቅም። የተሰበረ አካል ከታሠረም በኋላ ያብጣል፤ ቀርቀሃውና ገመዱ ግን አብረው አይሰፉም። እሥራቱ ጠብቆ የደም ዝውውር ከተቋረጠ፣ ሥጋው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ከስብራት በኋላ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም፤ ሐኪሞች ደጋግመው እንደ ገለጡት፣ ለዚህ ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ከልክ በላይ የጠበቀ የወጌሻ እሥራት ነው። ከውድቀቱ ይልቅ የጐዳቸው ማሠሪያው ነው ማለት ነው።

ምልክቶቹ ለማንም ይታያሉ። ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ይገረጣሉ ወይም ይጠቁራሉ፤ ይደነዝዛሉ፤ ሕመሙም ከመቀነስ ይልቅ እየባሰ ይሄዳል። «አጥንቱ እየገጠመ ስለ ሆነ ነው» እያሉ ሕፃኑን ማጽናናት አይገባም። እሥራቱን ወዲያውኑ ማላላትና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። (አንቀጹን በምሳሌነት ያቀረብነው አጻጻፉን እንድታጠኑበት ነውና፣ በጓደኛችሁ ክንድ ላይ አትሞክሩት።)

ይህ ሲባል ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። ሐኪም ቤት በማይደረስበት ስፍራ ስንቱን ሰው ያቃና ሙያ ነው፤ አስተዋይ ወጌሻም አጥንቱ ቆዳ ጥሶ የወጣበትን ሰው ሳይነካ ወደ ሆስፒታል ይልካል። አስረጂ ድርሰት ጥቅሙንም ጉዳቱንም በየስሙ ይጠራል።

ሐ. ለአንድ ቃል ወሰን መስጠት

አንድ ስያሜ ሁለት ሙያ ሲሸከም ጸሐፊው የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ አስቀድሞ መናገር አለበት። «ወጌሻ» የገጠሩ አጥንት ጠጋኝ ነው፤ የስፖርት ጋዜጠኞች ግን በእግር ኳስ ሜዳ የተጫዋቾችን ጉዳት የሚከታተለውንም ባለሙያ «የቡድኑ ወጌሻ» ይሉታል።

በባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1828 እ.ኤ.አ. በቨርጂኒያ የተወለደው አሜሪካዊ ሐኪም አንድሩ ቴይለር ስቲል፣ በ1864 ሦስት ልጆቹ በማጅራት ገትር ከሞቱበት በኋላ በዘመኑ መድኃኒቶች ላይ እምነት አጣ። በ1874 ሰውነትን በእጅ በመዳሰስና በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ሕክምና አስተዋወቀ፤ በ1892 ደግሞ በሚዙሪ ግዛት በከርክስቪል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሙያውን ኦስቲዮፓቲ አለው፤ ስሙ «አጥንት» እና «ሕመም» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። የወገብ ሕመምን በመጠኑ እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል፤ ስቲል ተስፋ እንዳደረገው ብዙ ዓይነት በሽታ ስለ መፈወሱ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ዛሬ በአሜሪካ በዚህ ሙያ የተመረቀ ሰው መድኃኒት የሚያዝ፣ ቀዶ ሕክምናም ማድረግ የሚችል ሙሉ ሐኪም ነው። በብሪታንያ ግን በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት የተመዘገበ የእጅ ሕክምና ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለም። በሁለቱ አገሮች የሚኖሩ ሁለት ዘመዳሞች ስለዚህ ሙያ ቢጻጻፉ፣ ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ነገሩ ይለያይባቸዋል።

መልመጃ

1. «ልጁ ወደቀ፤ እጁ ታሠረ፤ በማግሥቱ ጣቶቹ ጠቆሩ፤ ዘግይቶም ተወሰደ።» ተደራጊዎቹን ግሦች ወደ አድራጊ ለውጡ፤ ያሠረውና ያዘገየው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ።

2. በክፍል «ለ» የቀረበውን አንቀጽ ገልብጡና፣ ስለ እሥራቱ የጐደለውን በሁለት ዐረፍተ ነገር አሟሉ። ወጌሻው ካሠረ በኋላ ምን መመልከት እንዳለበት ጨምሩ።

3. በአካባቢያችሁ ያለን አንድ ባለሙያ (ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ወጌሻ) ጠይቁ። የመሣሪያዎቹንና የሥራውን ስሞች ከራሱ አፍ መዝግባችሁ፣ ሙያውን ለማያውቅ አንባቢ በሦስት አንቀጽ አስረዱ።