ኮምፒዩተሩ እምቢ ሲል ምን ማለቱ ነው?

የኮምፒዩተር አምድ
አዘጋጅ፦ ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ መሐል ሜዳ

በዚህ እትም የኮምፒዩተር አምዳችን ይዞላችሁ የቀረበው ትምህርት ሶፍትዌር በትዕዛዝ እንዴት እንደሚጫንና አልጫንም ሲል ምን እንደሚደረግ ነው። መልካም ንባብ!

ይሄ ጉዳይ ለምን ያስፈልገናል? ይህን መጽሔት በእጃችን እንደምንጽፈው ታውቃላችሁ። ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ከክፍል ክፍል ሲዞር ይቀደዳል። የ4ኛ ክፍል ልጆች ጋ ሲደርስ ግማሹ ገጽ የለም። በኮምፒዩተር ብንጽፈው ግን የፈለግነውን ያህል ማባዛት እንችላለን። ለዚህ ያሰብነው ኮምፒዩተር ደግሞ ኡቡንቱ የሚባል ሲስተም ያለበት ነው፤ አማርኛ መጻፊያ አልተጫነበትም። መጻፊያውን ለመጫን የሚያስፈልገው አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙ ልጅ «ኢረር» የሚል ነገር ሲያይ «በቃ ተበላሸ» ብሎ ይነሳል። አልተበላሸም እኮ! ኮምፒዩተሩ የጎደለውን እየነገረን ነው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት በአጭሩ፦ እምቢታውን አንብቡት፣ መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

ማሳሰቢያ፦ ትዕዛዞቹ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። መጽሔታችን የአማርኛ ስለሆነ እዚህ የጻፍኳቸው በአነባበባቸው ነው። የእንግሊዝኛ አጻጻፋቸውን ከክበቡ አባላት ጠይቃችሁ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ።

1. መጀመሪያ ቃላቱን እንወቅ

ኡቡንቱ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተርን የሚያሠራ ሲስተም ነው። በነፃ ይገኛል። ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ሲሆን መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ስሙም ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው የሚል ሐሳብ አለው። ኡቡንቱ የተሠራው ደቢያን በሚባል ሌላ ሲስተም ላይ ነው። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመረ።

ፓኬጅ ማለት አንድ ሶፍትዌር ከነዕቃው የታሰረበት ጥቅል ነው። ፓኬጅ ማኔጀር ደግሞ ጥቅሉን ከኢንተርኔት አምጥቶ፣ ፈትቶ፣ በቦታ በቦታው የሚያስቀምጥ ሠራተኛ ነው። በኡቡንቱ ይህ ሠራተኛ አፕት ይባላል። አፕት ከደቢያን ጋር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የሚገርመው በዚያው ዓመት የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በዩኒኮድ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው «ሀ» የትም ብትሄድ «ሀ» ናት።

አፕት እንዴት ይሠራል? ጠላ ሊጠመቅ ነው እንበል። ጌሾ ያስፈልጋል፣ ብቅል ያስፈልጋል። ገበያ የሚላከው ልጅ «ጠላ ልንጠምቅ ነው» ሲባል የሚያስፈልገውን ሁሉ አውቆ አንድም ሳያስቀር የሚያመጣ ቢሆን ጎበዝ አይደል? አፕት እንደዚያ ነው። አንድ ሶፍትዌር ስጠን ስንለው እሱ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆችም አብሮ ያመጣል። ጌሾው ከጠፋ ግን ጠላው አይጠመቅም፤ አፕትም አንዱ ከጎደለ ሥራውን ያቆምና ይነግረናል።

2. ትዕዛዙ

ተርሚናል የሚባለውን ትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት እንከፍትና ሁለት ትዕዛዝ በየተራ እንሰጣለን።

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይባስ-ኤም17ኤን

«ሱዶ» ማለት በኃላፊ ሥልጣን ሥራው ማለት ነው። ስለዚህ ፓስወርድ ይጠይቃል። ፓስወርዱ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም፤ ኪቦርዱ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ ጽፋችሁ ኢንተርን መንካት ነው። «አፕዴት» የሚያድሰው የዕቃውን ዝርዝር ብቻ ነው፤ ገና ምንም አልተጫነም። «ኢንስቶል» ነው የሚጭነው።

አይባስ-ኤም17ኤን ብዙ ቋንቋ ያስጽፋል፣ አማርኛንም ጭምር። ከተጫነ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ወጥቶ እንደገና መግባትና ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ አማርኛን መጨመር ያስፈልጋል፤ «ሴራ» የሚል ቃል አብሮት አለ። ከዚያ በድምፅ መጻፍ ነው። የእንግሊዝኛዎቹን ኤስ እና ኢ ስንነካ «ሰ»፣ ኤል እና ኤ ስንነካ «ላ»፣ ኤም ብቻውን «ም» ይሆናል። ሰላም ተጻፈ ማለት ነው!

አንድ ነገር ልብ በሉ። አፕት ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድ ይጽፍና «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። የምንጠቀመው የሰው ሞባይል ዳታ ከሆነ ቁጥሩን ሳናነብ እሺ ማለት ነውር ነው። ዳታው ካልበቃ «ኤን» ብሎ መተው ይቻላል፤ ምንም አይበላሽም።

3. የተለመዱ እምቢታዎች

አፕት ብዙ መስመር ይጽፋል፤ ሁሉም ስሕተት አይደለም። «ደብልዩ» ብሎ የሚጀምር መስመር ማስጠንቀቂያ ነው። «ኢ» ብሎ የሚጀምር ግን ስሕተት ነው። ስሕተቱ ብዙ ከሆነ ከላይ ካለው ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ የታችኞቹ የእሱ ልጆች ናቸው። የላይኛው ሲስተካከል የታችኞቹ አብረው ይጠፋሉ።

ሀ. «ፓኬጁን ላገኘው አልቻልኩም» ካለ፦ መጀመሪያ የጻፋችሁትን ስም ፊደል በፊደል እዩ። አንድ ፊደል ወይም ሰረዝ ብትጎድል ለአፕት ሌላ ስም ነው። ስሙ ልክ ከሆነ ዝርዝሩ አልታደሰ ይሆናልና አፕዴት የሚለውን ስጡ። ዝርዝር ሳይዝ ገበያ የወጣ ልጅ ምን ያመጣል?

ለ. «ስሙን መፍታት ለጊዜው አልተቻለም» የሚል ከሆነ፦ ይሄ የኔትወርክ ነው። አፕት ዕቃው ያለበትን ቦታ አድራሻ ማግኘት አልቻለም። ዋይፋዩ ወይም የስልኩ ሆትስፖት መያያዙንና ዳታ መኖሩን እዩ። ማውረድ ከጀመረ በኋላ ኔትወርክ ቢቋረጥ ያንኑ ትዕዛዝ መድገም ነው፤ አውርዶ የጨረሰውን መልሶ አያወርድም። ስለዚህ ዳታው በከንቱ አይሄድም።

ሐ. «ቁልፉን ማግኘት አልቻልኩም» ካለ፦ ሌላ ፕሮግራም በዚያው ሰዓት እየጫነ ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ እንደተከፈተ ራሱን ሲያድስ ነው። ወፍጮ ቤት አስቡ። የአንዱ ገብስ እየተፈጨ እያለ ሌላው ስንዴውን ቢጨምርበት የሁለቱም ዱቄት ይበላሻል። ለዚህ ነው አፕት ተራ የሚያስጠብቀው። መፍትሔው መጠበቅ ነው። አንዳንድ ሰው የቁልፉን ፋይል አጥፉት ይላል፤ እንዳትሰሙት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚሆነው።

መ. «ሥራው መሐል ላይ ተቋርጧል» ካለ፦ መሐል ሜዳ ላይ መብራት ድንገት መጥፋቱ ለማናችንም አዲስ አይደለም። እየተጫነ እያለ መብራት ከጠፋ ጥቅሉ ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ ሳይፈታ ይቀራል። አህያ ላይ የአንድ ጎን ጭነት ብቻ ሲወርድ እንደሚያጋድለው ማለት ነው። የሚገርመው አፕት መልሱን ራሱ ይጽፍልናል፤ «ይህን ትዕዛዝ ስጥ» ይላል። ትዕዛዙም ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ ነው። ዲፒኬጂ ከአፕት ሥር ሆኖ ጥቅሉን የሚፈታው ነው፤ የተቋረጠውን ይጨርሳል።

ሠ. «የሚያስፈልጉት አልተሟሉም» ካለ፦ ጌሾው ጠፍቷል ማለት ነው። ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል ስትሉ የጎደለውን ፈልጎ ለማሟላት ይሞክራል።

ረ. «ቦታ የለም» ካለ፦ ዲስኩ ሞልቷል። ሱዶ አፕት ክሊን የሚለው ትዕዛዝ ቀድሞ የወረዱ ጥቅሎችን ያጸዳል። የተጫነውን ሶፍትዌር አይነካም።

4. ትልቁ የእኛ አገር ችግር፦ ሰዓትና ቀን

ይሄኛውን ለብቻው ያደረግኩት ሌላ አገር ያሉ ልጆች እንደ እኛ ስለማይገጥማቸው ነው። አንዳንዴ ኔትወርክ አለ፣ ስሙም ልክ ነው፣ አፕዴት ስንል ግን «ዝርዝሩ ገና አልጸናም፤ ይህን ያህል ቀን ይቀረዋል» የሚል ስሕተት ይመጣል። ይቀረዋል? ዛሬ የወረደ ዝርዝር እንዴት ቀን ይቀረዋል?

ምክንያቱ ይሄ ነው። አፕት የሚያወርደው ዝርዝር የተዘጋጀበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበታል። አፕት ያንን ከኮምፒዩተሩ ሰዓት ጋር ያስተያያል። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ወደኋላ የቀረ ከሆነ ዝርዝሩ ከወደፊት የመጣ ይመስለዋል። ነገ የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ ቢደርሳችሁ ታምኑታላችሁ? አፕትም አያምነውም።

ታዲያ ሰዓቱ ለምን ወደኋላ ይቀራል? ሦስት ምክንያት አለ።

አንደኛ፣ የዘመን አቆጣጠር። ዛሬ ጥር 2018 ዓ.ም. ነው እንበል። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ ለእሱ 2026 ነው። አንድ ሰው ቅን ሆኖ «ዓመቱ ተሳስቷል» ብሎ 2018 ብሎ ቢያስተካክለው ኮምፒዩተሩን ወደኋላ ብዙ ዓመት ወሰደው ማለት ነው። የእኛና የፈረንጆቹ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው።

ሁለተኛ፣ የሰዓት አቆጣጠር። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለውን ኮምፒዩተሩ 9 ሰዓት ይለዋል። በእኛ አቆጣጠር 3 ብለን ከሞላነው 6 ሰዓት ወደኋላ ቀረ። ይሄ ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ዝርዝሩ ትናንት የወጣ ከሆነ ችግር የለም። ከ2 ሰዓት በፊት የወጣ ከሆነ ግን «4 ሰዓት ይቀረዋል» ይላል።

ሦስተኛ፣ ትንሿ ባትሪ። ኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ስትሞት ኮምፒዩተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል። የምትቀየር ናት፤ ግን ቀያሪው ትልቅ ሰው ይሁን።

እንዴት እናውቃለን? ዴት የሚለውን ትዕዛዝ ብቻ ጽፎ ኢንተር መንካት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ዓመቱን ያሳያል። ካልተስተካከለ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለው ጋ ገብተን ቦታውን አዲስ አበባ ማድረግ፣ ከዚያም ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲወስድ መፍቀድ ነው። ከኢንተርኔት ካልወሰደ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በእጅ መሙላት። ከዚያ አፕዴትን እንደገና መስጠት።

ታዲያ አቆጣጠራችን ስሕተት ነው ማለት አይደለም። የእኛ ቀን ለእኛ ልክ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ከዓለም ሁሉ ጋር ስለሚነጋገር የሚነጋገርበትን ቀን መጠበቅ አለበት። መጽሔታችን ላይ ቀኑን በእኛው እንጽፋለን፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ግን አንነካካው።

5. ጥንቃቄ

• ሱዶ ያለበትን ትዕዛዝ መምህር በሌለበት አትስጡ። የማታውቁትን ትዕዛዝም ከስልክ ላይ አይታችሁ እንዳለ አትገልብጡ።
• «የሚከተሉት ፓኬጆች ይጠፋሉ» የሚል ካያችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት ቁሙ፣ ጠይቁ። ልትጭኑ ገብታችሁ ሌላ ነገር ልታጠፉ ትችላላችሁ።
• ስሕተቱን ደብተር ላይ ጻፉት። «እምቢ አለኝ» ብቻ ብትሉ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። የመጀመሪያውን «ኢ» መስመር ይዛችሁ ብትመጡ ግን መምህሩ ቶሎ ይረዳችኋል።
• እየተጫነ እያለ ኮምፒዩተሩን አታጥፉ።

6. እስኪ ራሳችሁን ፈትኑ

1ኛ. አፕዴት ምን ያድሳል?
2ኛ. ኮምፒዩተሩ እንደተከፈተ ትዕዛዝ ብትሰጡና «ቁልፉን ማግኘት አልቻልኩም» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?
3ኛ. ኅዳር ላይ አንድ ሰው የኮምፒዩተሩን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ቢሞላው ስንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል?
4ኛ. አምስት ስሕተት ቢመጣ ከየትኛው ትጀምራላችሁ?

መልስ፦ 1ኛ. የዕቃውን ዝርዝር። 2ኛ. እስኪጨርስ መጠበቅ። 3ኛ. 7 ዓመት። 4ኛ. ከላይ ካለው ከመጀመሪያው።

አራቱንም ያገኘ ጎበዝ ነው! ያልገባችሁን የክበባችንን አባላት ጠይቁ። አማርኛ መጻፊያው ተጭኖ ማባዣው ከተገኘ መጽሔታችን ለየክፍሉ አንድ አንድ ቅጂ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የ4ኛ ክፍል ልጆችም ሙሉውን ገጽ ያነባሉ። እስከዚያው ይህችን አንዷን ቅጂ ሳትቀዱ፣ ሳታጨማድዱ አንብባችሁ ለሚቀጥለው ክፍል አሳልፉልን።