አዲስ የሕክምና ተማሪ ሻንጣውን በምን ይሙላ?

በየዓመቱ ወደ ሕክምና ትምህርት የሚመደቡ ወንድሞችና እኅቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ ‹‹ምን ምን መግዛት ያስፈልገናል?›› የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ የሚወጣው ከተማሪው ኪስ ሳይሆን ከአባትና ከእናት እጅ ስለ ሆነ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። ልጃችን ሐኪም ሊሆን ነው ብለው በሬ የሚሸጡ፣ ከጎረቤት የሚበደሩ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። በዚህ ገንዘብ የተገዛው ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ከአልጋ ሥር አቧራ ለብሶ ይከርማል። በሌላ በኩል ምንም ሳይዝ የመጣው ተማሪ በጓደኞቹ ፊት እያፈረ፣ ከክፍሉ መጨረሻ እየተቀመጠ፣ ‹‹ይህ ትምህርት ለሀብታም ልጅ ነው›› ብሎ ልቡ ይሰበራል። የሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ነው፤ ይኸውም የዛሬውን ዕቃ ከነገው፣ የግሉን ከጋራው አለመለየት ነው።

ስለዚህ እኛ በጉለሌ፣ በዊንጌት ሠፈር የመጀመሪያውን የሕክምና ዓመት ያለፍን ተማሪዎች ለሚከተሉን ይጠቅማል ያልነውን እንጽፋለን። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። በዚሁ አካባቢ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1968 ሲቋቋም ዋና ዓላማው ከፍሎ መታከም ለማይችለው ድሃ ሕዝብ መድረስ ነበር። የሕክምና ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007፣ ማለት አገራችን ሁለት ሺውን ዓመት በተቀበለችበት ወራት ስለ ሆነ ሚሌኒየም የሚለውን ስም ተቀበለ። እንግዲህ ለድሃ ሕሙማን በታነጸ ቤት ውስጥ የድሃ ልጅ በዕቃ እጦት ማፈር አይገባውም ማለታችን ነው።

ሀ) ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያስፈልጉ

አንደኛ፤ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ቅጂው፣ እንዲሁም በርከት ያለ ጉርድ ፎቶግራፍ። ዋናውን ማስረጃ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ለብቻው ማስቀመጥ ያሻል፤ ለምዝገባ ከመጣ በኋላ ለአንድ ወረቀት ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው የትምህርት ቀንና የመንገድ ገንዘብ ይከስራል።

ሁለተኛ፤ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ጓጉንቸር፣ ነጠላ ጫማና ባልዲ። ጉለሌ ከእንጦጦ ግርጌ ስለ ሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከጋምቤላ፣ ከአፋር ወይም ከድሬዳዋ ለሚመጣ ተማሪ ከማናቸውም የሕክምና መሣሪያ ይልቅ ወፍራም ብርድ ልብስና ሹራብ ይቀድማሉ። በብርድ እየተንቀጠቀጠ የነርቭ ስም የሚያጠና የለምና። እናት የምትሰጠውን በሶና ዳቦ ቆሎም ‹‹ያሳፍረኛል›› ብሎ የሚተው ሰው ካለ በፈተና ሰሞን ይጸጸታል።

ሦስተኛ፤ ሁለት ነጭ ጋዋን። አንዱ ለአናቶሚ ክፍል፣ ሁለተኛው ለሌላው ቤተ ሙከራና ለሕሙማን ክፍል ነው። የአስከሬን ማቆያ የሆነው ፎርማሊን ሽታው በቀላሉ ከጨርቅ ስለማይለቅ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ጋዋን ለብሶ ወደ ምግብ አዳራሽ መግባት ለአንዳንዱ ክብር ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ከሕሙማን ክፍል የተነሣውን ተሕዋስ ወደ እንጀራው መሶብ ይዞ መሄድ ነው። ጋዋን በሳሙናና በበረኪና ከሌላው ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

አራተኛ፤ ለአናቶሚ ክፍል የሚሆን ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ እግር የሚሸፍን ጫማ። ፎርማሊን ዐይንን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በዐይን ኳስ ላይ የሚደረገውን መነጽር ትቶ ተራውን መነጽር ማድረግ ይሻላል። ምላጩን፣ መቀሱንና መቆንጠጫውን ግን ትምህርት ክፍሉ ይሰጥ እንደሆነ ሳይጠይቁ መግዛት አያስፈልግም።

አምስተኛ፤ መስመር የሌለው ትልቅ ደብተርና አራት ቀለም እርሳስ። ይህ ከሁሉ ርካሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል። በአናቶሚ መጻሕፍት ልማድ የደም ቅዳ በቀይ፣ የደም መልስ በሰማያዊ፣ ነርቭ በቢጫ፣ የሊምፍ ሥር በአረንጓዴ ይሣላል። ያደገ ሰው 206 አጥንቶች አሉት፤ ከነዚህም 22ቱ የራስ ቅልና የፊት ናቸው። ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ለመያዝ የሚሞክር ተማሪ በሳምንቱ ይደናገራል፤ በእጁ የሣለው ግን አይረሳውም። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ትክክል ቢሆን ይበቃል።

ለ) በማኅበር የሚገዙ

የመጻሕፍት ነገር ብዙውን ተማሪ ያስጨንቃል። ለአናቶሚ ስኔል ወይም ሙር፣ ለሥዕሉ የኔተር አትላስ፣ ለፊዚዮሎጂ ጋይተን፣ ለፅንስ ጥናት ላንግማን፣ ለባዮኬሚስትሪ ሊፒንኮት ይጠቀሳሉ። አንድ ተማሪ ሁሉንም በግሉ ልግዛ ቢል የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ ሊያልቅበት ይችላል። በስልክና በፍላሽ የሚተላለፈው ቅጂ እንደሚረዳ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ፣ ደግሞም በትንሽ ስልክ ላይ የእጅን ነርቮች መከተል ሲያስቸግር፣ የታተመው መጽሐፍ ዋጋው ይታወቃል።

ስለዚህ ከአያቶቻችን የወረስነውን ዕቁብ ወደ መኝታ ክፍላችን እናምጣው። ስድስት ተማሪዎች በየወሩ እኩል ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በየወሩም አንድ መጽሐፍ ይገዛል። ዕጣው የሚወጣው ለገንዘቡ ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ መጽሐፉ ለማን እንደሚቀር ለመወሰን ነው። በስድስት ወር ስድስት መጻሕፍት ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም ሰው በአንድ መጽሐፍ ዋጋ ስድስቱን ያነባል። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የተባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው። የደም ግፊት መለኪያም እንዲሁ ለስድስት ሰው አንድ ይበቃል፤ ያለ ሰው ክንድ ልምምድ ስለማይሆን መሣሪያውም በባሕርዩ የጋራ ነው።

አሮጌ እትም መግዛትም አያሳፍርም። የሰው አጥንትና ጡንቻ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ቦታቸውን አልለወጡም። አዲስ እትም የግድ የሚሆነው ወደ ፊት ስለ መድኃኒትና ስለ በሽታ አያያዝ ሲጠና ነው፤ በዚያ አሮጌ መጽሐፍ ሕመምተኛን ሊጎዳ ይችላልና።

ሐ) ጊዜያቸው እስኪደርስ የሚቆዩ

ከነዚህ መካከል ዋነኛው የልብ ማዳመጫው፣ ስቴቶስኮፑ ነው። አዲስ ተማሪ ሁሉ ስሙ የገነነውን ውድ ሊትማን በአንገቱ አንጠልጥሎ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለቤተ ሰቡ መላክ ይመኛል። ምኞቱን አንነቅፍም፤ ነገር ግን ዓመቱ የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ ከሆነ ነገሩ ‹‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር›› ነው። ትምህርቱ በሞጁል ተከፍሎ ተማሪው ገና በጧቱ ከሕሙማን ጋር የሚገናኝበት ኮሌጅ ደግሞ አለ፤ እንዲህ ባለው ቤት ቀደም ብሎ ያስፈልጋል። ስለዚህ የበላይ ተማሪዎችን ጠይቆ መወሰን ነው።

ሲገዛም ስሙን አይቶ ብቻ አይሁን። የጆሮው ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ ያዘነበለ መሆኑን፣ ጆሮን ሳይወጋ መግጠሙን፣ ቱቦው አለመሰንጠቁን መመልከት ይገባል። ከዚያ ጆሮ ላይ አድርጎ ሰፊውን ፊት በጣት ቀስ ብሎ ቢነኩት ድምፁ ጥርት ብሎ መሰማት አለበት። ሰፊው ፊት ለቀጭን ድምፅ፣ ጎድጓዳው ፊት ለወፍራም ድምፅ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ ይህን መሣሪያ ሲጀምር በእጁ የነበረው የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን መሣሪያ ያደረገው የሚሰማውን ለማወቅ የተዘጋጀው ጆሮ ነው።

መ) ከዕቃ መሸጫ የማይገዙ

የመጀመሪያው ክትባት ነው። የሄፓታይተስ ቢ የጉበት በሽታ በደምና በመርፌ ይተላለፋል፤ ለሐኪምና ለነርስም የታወቀ አደጋ ነው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ነው። በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የተወለደ ተማሪ በልጅነቱ ሳይከተብ ሊቀር ይችላል። መርፌ የምንይዝበት ቀን ሲመጣ ስድስት ወር ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ በዚህ በመጀመሪያው ዓመት መጀመር አለበት። ለስቴቶስኮፕ የታሰበ ገንዘብ ካለ አስቀድሞ ወደዚህ ይሂድ።

ሁለተኛው አክብሮት ነው። በአናቶሚ ክፍል በጠረጴዛው ላይ የተኛው ትናንት የአንድ ሰው አባት ወይም እናት ነበረ። በዚያ ክፍል ስልክ ከኪስ አይወጣም፤ ቀልድ አይነገርም፤ አጥንት ‹‹ለጥናት ነው›› ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል አይወሰድም። ሙቱን ያላከበረ ተማሪ ነገ ሕመምተኛውን በአልጋ ቁጥር ብቻ የሚጠራ ሐኪም እንዳይሆን እንፈራለታለን።

በመጨረሻ የምናሳስበው ለአዲሶቹ ብቻ አይደለም። ወደ ሁለተኛው ዓመት የተሻገርን ሁላችን የተረፈንን ጋዋን፣ አሮጌውን እትም፣ የሣልንበትን ደብተር ይዘን መቅረት የለብንም። የተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሣጥንና አንድ መዝገብ ቢያዘጋጅ፣ እያንዳንዳችንም አንዳንድ ዕቃ ብናኖርበት፣ በሚመጣው ዓመት ከሩቅ አገር አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ተሸክሞ የሚመጣው ወንድማችን ወይም እኅታችን የመጀመሪያውን ሳምንት አንገቱን ሳይደፋ ይጀምራል። በሬውም ለባለቤቱ ለእርሻው ይቀርለታል።