የልጃችን አንጎል ሲመረመርና ሲነቃቃ፦ ልዩነቱን እንወቅ



አፉን ቶሎ ያልፈታ ወይም ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ ወደ ሕፃናት እድገት ክፍል (ሂትፓትሁት ሃየሌድ) ይላካል። እዚያም «ራሱ ላይ ሽቦ ይደረግበታል» ሲባል የሚደነግጥ ቤተሰብ አለ። በኤሌክትሪክ የሚፈውስ መሣሪያ አለ ሲባል ሰምቶ ገንዘብ ይዞ የሚሮጥም አለ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለይተን እንመልከታቸው።

ኢ.ኢ.ጂ. ምንድን ነው?
የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በጣም አነስተኛ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 ይህንን ከሰው ራስ ላይ መዘገበ። ምርመራው ያዳምጣል እንጂ ወደ ልጁ ኤሌክትሪክ አያስገባም፤ አያምምም። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚያዝዘው የሚጥል በሽታ ሲጠረጥር ነው። ይህ በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ይበዛል። ኦቲዝም ራሱ ግን የሚታወቀው የልጁን አነጋገር፣ አጨዋወትና ጠባይ በማየት ነው።

የማነቃቂያ ሕክምናስ?
ይህኛው ከውጭ ወደ አንጎል ኃይል ይልካል። አንዱ ዓይነት ደካማ ኤሌክትሪክ ሲጠቀም፣ ሌላው በ1985 በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ የተጀመረው የማግኔት ዘዴ ነው። ማግኔቱ ለከባድ የመንፈስ ጭንቀት (ዲካኦን) ለአዋቂዎች ይሰጣል፤ አሜሪካም በ2024 አንዱን መሣሪያ ከ15 እስከ 21 ዓመት ላሉት ፈቅዳለች። ለኦቲዝምና ለእድገት መዘግየት ግን ገና በጥናት ላይ ነው። ራስ ምታት ሊያመጣ፣ አልፎ አልፎም ሰውን ሊጥል ይችላል።

ከመፈረማችሁ በፊት
1. ሕክምና ነው ወይስ ጥናት? ጥናት ከሆነ የሄልሲንኪ ኮሚቴ ፈቃድ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።
2. ልጁ ወድቆ ተንቀጥቅጦ ወይም ዓይኑ ፈዞ የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ አትደብቁ።
3. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁን አማክሩ።
4. ዕብራይስጡ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ታላቅ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። እምቢ ማለትም፣ ከጀመሩ በኋላ ማቆምም መብታችሁ ነው።

መሣሪያ ተስፋ አድርጋችሁ የንግግር ሕክምናውንና የሪፑይ በዒሱክ ቀጠሮውን አታቋርጡ። ሽማግሌዎቻችንም «ጊዜው ሲደርስ ይናገራል» ከማለት ይልቅ እናትየዋን «ቲፓት ሃላቭ ሂጂ» በሏት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና፣ እኛም በኔታኒያ የምንሠራ የጤና አገናኞች አብረናችሁ እንሄዳለን።